እርጥብ ጆንያ የለበሰው ጠርሙስ

ሸዋ ሮቢት ውስጥ ስለ አደገኛ ኬሚካል አያያዝ የምስክር ወረቀት ያለው መነጽር ሠሪ ብትፈልጉ እኔ ነኝ። ወረቀቱ ሱቄ ውስጥ፣ ደንበኞች መነጽር ሞክረው ራሳቸውን ከሚያዩበት መስተዋት በላይ ተሰቅሏል። ከፍ አድርጌ የሰቀልኩት ሰው ሁሉ እንዲያየው ነበር። ሰው ሁሉ አየው። ችግሩ ያየው ሁሉ ፈገግ ማለቱ ነው። ላውርደው እላለሁ፤ ደግሞ ሁለት ቀን ሙሉ በብርድ የተንቀጠቀጥኩበት ወረቀት ነው እላለሁ፤ እንዲሁ ስል ከረምኩ። ለምን ፈገግ እንደሚሉ ራሴ ልንገራችሁ። ከጎረቤቴ ከእትዬ ብርቄ ከሰማችሁት፣ ከሆንኩት በላይ ሞኝ ሆኜ ነው የምቀርበው፤ የሆንኩት ደግሞ ይበቃኛል።

እትዬ ብርቄ ከሱቄ ቀጥሎ ጁስ ቤት አላቸው። የእሳቸው የማንጎ መፍጫና የእኔ ሌንስ መሞረጃ ማሽን እኩል ሲነሱ ሰፈሩ ይደነቁራል። በዚህ ተጣልተን አናውቅም። የምንጣላው እሳቸው ስለ መነጽር፣ እኔ ስለ ማንጎ ምክር መስጠት ስንጀምር ነው።

መነጽር ቤት ውስጥ ምን አደገኛ ነገር አለ ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያ እል ነበር። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሌንስ ዱቄት ስምግ፣ የሙጫ ክዳን በጥርሴ ስከፍት፣ አሴቶን በባዶ እጄ ሳፈስ ኖሬ፣ አደጋ ላይ ነኝ የሚል ሐሳብ አንድም ቀን ሽው ብሎብኝ አያውቅም። አሴቶን ማለት ሴቶች የጥፍር ቀለም የሚያጠፉበት፣ ሽታው አፍንጫ የሚሰነፍጥ ፈሳሽ ነው። እኛ ከፋብሪካ ሌንሱ ላይ ተጽፎ የሚመጣውን ምልክት እናጠፋበታለን። ቢጠጣ ሆድ ዕቃ የሚያቃጥል፣ እሳት ካገኘ ቦግ የሚል መርዝ ነው። መልኩ ግን ልክ እንደ ውሃ ነው። ይቺን ያዙልኝ።

ታዲያ አንድ ጊዜ፣ ኬሚካል የምንነካካ ባለሙያዎች ሁሉ ደብረ ብርሃን ላይ ሥልጠና ውሰዱ የሚል ደብዳቤ መጣልኝ። ከቆላ ለሚሄድ ሰው ደብረ ብርሃን ራሷ አንድ አደገኛ ነገር ናት። ጣርማበር ላይ ስንደርስ ሁለቱን ሸሚዞቼን ደረብኩ። አዳራሹ ስገባ አሠልጣኙ ካፖርት ለብሰው፣ ሻርፕ ጠምጥመው፣ የሱፍ ኮፍያ ደፍተው ቆመዋል። ሲናገሩ ከአፋቸው ጉም ይወጣል። ጣቴ ደንዝዞ እስክሪብቶውን በጡጫዬ ጨብጬ፣ ያሉትን ሁሉ ጻፍኩ።

ብዙ ነገር ብለዋል። ሥራ ክፍል ውስጥ የሚበላና የሚጠጣ እንዳይኖር። ፊትና እጅ እንዲሸፈን። ኬሚካል ከመጣበት ዕቃ ወደ ሌላ፣ በተለይ ወደ ውሃ ጠርሙስ እንዳይገለበጥ፤ ላዩ ላይም ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍበት። በየነገሩ ላይ ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት ፈጅተዋል። በመጨረሻ ወረቀታቸውን እየሰበሰቡ፣ «ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ» አሉና አለፉት። ማንም እጁን አውጥቶ አልጠየቀም። ደብረ ብርሃን ላይ ሆኖ ቀዝቃዛ ቦታ የቱ ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ያሥቃል። የት ብታስቀምጠው ነው የማይቀዘቅዘው?

እኔ ግን ቁልቁል ወርጄ ሸዋ ሮቢት ከአውቶቡሱ ስወርድ፣ ሁለቱም ሸሚዝ ጀርባዬ ላይ ተጣብቆ፣ ያቺ ግማሽ ዐረፍተ ነገር ትዝ አለችኝ። ለጊዜው ተውኳት። በጓንቱ ጀመርኩ።

በጓንትና በማስክ የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ ከማጀቴ ከተማ የመጡ አንዲት እናት ነበሩ። የመነጽራቸው የአፍንጫ ማረፊያ ተጣሞ እንዲቃናላቸው ነው የመጡት። ጓንቴን ቷ አድርጌ ስቤ፣ ማስኬን አስተካክዬ፣ ወደ ፊታቸው ጎንበስ ስል ወንበሩን ወደ ኋላ ገፉት።

«ልጄ፣ ምን ልታደርገኝ ነው?»

«አፍንጫው ጋ ትንሽ ላስተካክል ነው እማማ።»

«የእኔን አፍንጫ?»

«የመነጽሩን።»

«እንዲህ ከሆነ ልጆቼን ላማክር። ኦፕራሲዮን ብቻዬን አልገባም» ብለው ተነሡ። ልጆቻቸውን ሊያማክሩ እንደወጡ ቀሩ። መነጽራቸውን ከሳምንት በኋላ ሌላ ሰው ልከው ነው ያስወሰዱት፤ እንደተጣመመ።

ቀጥሎ ማስጠንቀቂያ ነበር። አሠልጣኙ የራስ ቅልና ሁለት የተሻገሩ አጥንቶች በስላይድ አሳይተውናል። ሥዕል ላይ እጄ አይታዘዘኝም፤ ሆኖም ካርቶን ቆርጬ፣ ማርከር ገዝቼ፣ አንድ ከሰዓት ሙሉ ለፍቼ ሣልኩ። እትዬ ብርቄ የጁስ ብርጭቆ ሊወስዱ ገብተው አዩት።

«ይሄ ሽንኩርት ምን ሆኖ ነው የሚያፈጠው?»

«ሽንኩርት አይደለም እትዬ። ሞት ነው።»

ጠጋ ብለው አዩት። «ሥር አውጥቷል እኮ።»

«ሥር አይደለም፣ አጥንት ነው።»

«እኔ የሮቢትን ሽንኩርት አሳምሬ አውቀዋለሁ» ብለው ብርጭቋቸውን ይዘው ወጡ። እኔም ሽንኩርቴን የአሴቶኑ ጠርሙስ ላይ ለጠፍኩት። ሁለት ሊትር የሚይዝ ነጭ ፕላስቲክ ነው፤ ከመጣበት ዕቃ አልገለበጥኩትም። በዚህ ዛሬም አልታማም።

ከዚያ የመጠጥ ውሃው ተራ ደረሰ። የእኛን አገር ሙቀት ለማታውቁ አንድ ነገር ላስረዳ። ሮቢት ውስጥ በየሱቁ በር አጠገብ፣ ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ ሚስማር አለ። ሚስማሩ ላይ እርጥብ ጆንያ የለበሰ የውሃ ጠርሙስ ይንጠለጠላል። ጆንያው በነፋስ ሲደርቅ ውሃው ይቀዘቅዛል፤ ያለፈ ያገደመው ደግሞ ጆንያውን ያርሰዋል። ከፀሐይ የገባ ሰው ሰላምታ ሳይሰጥ በፊት እጁን ወደዚያ ይሰዳል። ማስፈቀድ የለም። ማስፈቀድ ባለሱቁን መስደብ ነው፤ ትከለክለኛለህ እንደማለት ይቆጠራል። ጠርሙሱ የሁሉም ስለሆነ አፍ አይነካም፤ ከፍ ተደርጎ፣ ራስን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ከላይ ወደ ጉሮሮ ይንቆረቆራል። አፍንጫ በአካባቢው የለም።

እኔ፣ የምስክር ወረቀት ያለኝ፣ የሚጠጣ ነገር ሥራ ቦታ አይኖርም ብዬ የውሃ ጠርሙሴን ቤቴ ወሰድኩት። ሚስማሩ ባዶውን ቀረ። ሰው ይገባል፣ እጁን ወደ ሚስማሩ ይሰዳል፣ አየር ይጨብጣል፣ እኔን ያየኛል። አኮረፉኝ። እትዬ ብርቄ፣ «ምነው ደብረ ብርሃን ልብህንም አቀዘቀዘችው?» አሉኝ።

ለኬሚካሉ የሚሆን ቀዝቃዛ ቦታ ግን ጠፋ። ጠረጴዛ ሥር አደረግሁት፤ ሞቀ። ጓዳ ከማሽኑ ጀርባ አደረግሁት፤ ባሰበት። አንድ ከሰዓት ክዳኑን ስከፍት ፊሽ ብሎ ተነፈሰብኝ። ደንግጬ እትዬ ብርቄ ፍሪጅ ውስጥ ላስቀምጥ ብል፣ «ያንን ሞትህን ከማንጎዬ ጋር?» ብለው በማማሰያ አባረሩኝ። ትክክል ነበሩ፤ ሥልጠናውም ከምግብ ጋር አይቀመጥ ይላል። በሩ ላይ ቆሜ ላቤን ስጠርግ ባዶውን ሚስማር አየሁት።

አዎ። ያሰባችሁትን ነው ያደረግሁት። ጠርሙሱን ጆንያ አለበስኩት፣ በሲባጎ አሰርኩት፣ አራስኩት፣ ሚስማሩ ላይ ሰቀልኩት። ሽንኩርቱ ከጆንያው ሥር ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ጠርሙሱ እንደ ደብረ ብርሃን ቀዘቀዘ። በጣም ደስ አለኝ። አሠልጣኙ መጥተው ባዩልኝ ብዬ ሁሉ ተመኘሁ። ሦስት ቀን እንዲሁ ተንጠለጠለ፤ ጠዋት አርሰዋለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ስመለከተው አሁንም እርጥብ ነው። የጆንያውን ጥራት አደነቅሁ። እትዬ ብርቄ ባለፉ ባገደሙ ቁጥር፣ ልጁ ልብ ገዛ፣ ውሃውን መለሰ ብለው ደስ ብሏቸው እንደሚያርሱት በምን አውቄ? በነዚያ ሦስት ቀናት ሰው ያልጠጣው የገበያ ቀን ስላልነበረና፣ ያኮረፈው ሰው ገና ስላልተመለሰ ብቻ ነው። ይህን ሳስበው ዛሬም ይዘገንነኛል።

በአራተኛው ቀን ሐጂ ሙሄ መጡ። ሐጂ ሙሄ ከቀወት ገጠር፣ ማሽላ የሚያርሱ፣ ሰው የተጣላ እንደሆነ የሚያስታርቁ፣ አገሩ የሚያከብራቸው ሽማግሌ ናቸው። የዓይናቸው ቁጥር ከባድ ስለሆነ ሌንሳቸው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ብዙ ጠብቀዋል። ረመዳን ተቃርቧል። ባለፈው ረመዳን ሌላ ሰው ሲቀራ ቁጭ ብለው እንዳዳመጡ፣ ዘንድሮ ግን ቁርኣኑን በገዛ ዓይናቸው መቅራት እንደሚፈልጉ ነግረውኛል። መነጽራቸውን ጨርሼ፣ ወልውዬ፣ ባንኮኒው ላይ አዘጋጅቼላቸው ነበር።

ቀትር ነው። እኔ ጓዳ ሌንስ እሞርዳለሁ። ጓዳውና ሱቁ መሐል መስታወት አለ። ማስክ አድርጌአለሁ፣ ጓንት አጥልቄአለሁ፣ ከራሴ መነጽር ላይ ሌላ መከላከያ መነጽር ደርቤአለሁ፤ ማሽኑ ይጮኻል። ቀና ስል ሐጂ በአቧራ ነጭ ሆነው በሩ ላይ ቆመዋል፤ ከኋላቸው እትዬ ብርቄ በእጃቸው ወደ ሚስማሩ እየጠቆሙላቸው ነው። በኋላ እንደነገሩኝ፣ «ሐጂ፣ ይጠጡ፤ አሁን ነው ያራስኩት» እያሏቸው ነበር።

መጀመሪያ ያሰብኩት ሐጂ መጡ ብቻ ነው። ከዚያ ውሃ ሊጠጡ ነው አልኩ። ከዚያ፣ የምን ውሃ?

ጮህኩ። ማሽኑ በለጠኝ። ሐጂ ጠርሙሱን አውርደው ክዳኑን ፈቱ። ሱቄ ሁልጊዜም አሴቶን አሴቶን ስለሚሸት ሽታው ምንም አልነገራቸውም። ያተረፋቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሐጂ ሙሄ የሰው ውሃ ባለቤቱን ሳይመርቁ አይጠጡም።

ምርቃታቸው ደግሞ በርዝመቱ የታወቀ ነው። ሠርግ ላይ ሲመርቁ ወጥ ይቀዘቅዛል። እኔ ራሴ ከዚያ በፊት ሱቄ መጥተው ሲመርቁኝ፣ ሥራ አለብኝ ብዬ መሐል ላይ «አሚን፣ አሚን» እያልኩ አሳጥሬባቸው አውቃለሁ። የማሽኑን ማጥፊያ ተንጠራርቼ ስጫነው ድምፃቸው መጣ።

«አላህ የዚህን ውሃ ባለቤት ከጥም ይጠብቀው…»

«አሜን» አሉ እትዬ ብርቄ።

የጓዳውን በር እጀታ ያዝኩ። ጓንቱ አንሸራተተኝ። በማስኩ ውስጥ የምጮኸው ትንፋሽ ሽቅብ ወጥቶ ሁለቱንም መነጽሬን በጉም ሞላቸው።

«የሰው ዓይን እንደሚያበራ የእሱን ዓይን ያብራለት…»

«አሜን።»

በዳበሳ እጀታውን አገኘሁት። በሩ ግን ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው፤ እኔ እገፋለሁ። ዐሥራ አንድ ዓመት የከፈትኩት በር ነው።

«ሚስት ይስጠው፤ ደግ ሚስት፣ ዱዓዋ የሚሰማ…»

በዚያች ሰዓት ሚስት አልፈለግሁም። ልጆችም ተመኙልኝ፣ የልጅ ልጅም ተመኙልኝ፣ ከብትም ተመኙልኝ። በሩን ስቤ ከፈትኩና የሌንስ ካርቶን አደናቅፎኝ በጉልበቴ ሄድኩ።

«ዱንያውን ያሳምርለት፤ በአኼራም…»

የሐጂ ምርቃት ከዚህ ዓለም አልፎ አኼራ ከደረሰ ማለቂያው መሆኑን አገር ያውቃል። «ቢስሚላህ» ብለው ጠርሙሱን ከፍ አደረጉ፤ ራሳቸውን ወደ ኋላ ጣሉ። ነጭ ጢማቸው ሽቅብ ሲነሣ አየሁት። ከወለሉ ተነሥቼ ዘልዬ ጠርሙሱን በጥፊ መታሁት። ከነጆንያው ግድግዳ ነክቶ ባንኮኒው ላይ ወደቀና ተደፋ።

እስቲ በእሳቸው ዓይን እዩት። ፊቱን የሸፈነ፣ ዓይኑ የማይታይ ሰው ከጓዳ በጉልበቱ ወጥቶ የተጠማ ሽማግሌ እጅ ላይ ያለ ውሃ በጥፊ መታ። ሐጂ አልተቆጡም። እጃቸው እንደተዘረጋ ቀረ።

«ውሃ ከለከልከኝ?» አሉ ቀስ ብለው።

በዕድሜዬ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። ፈርቼም አላውቅም። ማስኩን በጥሼ ጣልኩና፣ «መርዝ ነው ሐጂ! አሴቶን ነው! ነካዎት? አፍዎ ገባ?» አልኩ።

«መርዝ?» ወደ ተደፋው ጠርሙስ አዩ። «ጆንያ አልብሰህ?»

ያን ጊዜ ሽታው ሱቁን ሞላው። እትዬ ብርቄ በነጠላቸው አፍንጫቸውን ያዙ፤ ከዚያ ነገሩ ገባቸውና ደረጃው ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡ። «እኔ ነኝ ያራስኩት። ሦስት ቀን ሙሉ፣ በገዛ እጄ» አሉ፤ እንባቸው መጣ። እሳቸው ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም ነበር። ሐጂ ጢማቸው ላይና እጃቸው ላይ ጥቂት ነክቷቸዋል። ሥልጠናው በብዙ ውሃ ይታጠብ ይላል፤ ሱቁ ውስጥ ግን ጠብታ ውሃ የለም፤ ውሃዬ ቤቴ ነው። እትዬ ብርቄ እንባቸውን ሳይጠርጉ ሮጠው በባልዲ አመጡና ሐጂን እስኪበሰብሱ ድረስ አጠብናቸው። ወዲያው የጁስ ቤቱን ምድጃ አጠፋን፣ በርና መስኮት በረገድን። ሐጂ አፌ አልገባም ቢሉም ባጃጅ አሳፍሬ ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። መርምረው፣ ምንም የለብዎትም ብለው ለቀቋቸው። እኔን ግን የተላጠ ጉልበቴን አይተው ፋሻ አሰሩልኝ።

ስንመለስ ባንኮኒው ላይ መነጽራቸው ይጠብቀናል። አሴቶን የራሱን ጠርሙስ ባይጎዳም፣ ከተደፋበት የመነጽር ፕላስቲክ ያቀልጣል። ፍሬሙ ተልፈስፍሷል፤ ሌንሶቹ ነጭ ሆነዋል። ሐጂ አነሡትና ዓይናቸው ላይ ያዙት።

«ጉም ነው የሚታየኝ» አሉ።

«በእኔ ነው ሐጂ። እንደገና አሠራልዎታለሁ። ከረመዳን በፊት አደርሳለሁ።»

መነጽሩን ቀስ ብለው አስቀመጡት። «ይሄን ጥንቃቄ ያስተማረህ ሰው የት አገር ነው?»

«ደብረ ብርሃን።»

«እንግዲህ እነሱን ውሃ አይጠማቸውም» አሉና ዱላቸውን አንሥተው ወጡ።

ከዚያ ወዲህ አሴቶን የማመጣው በትንሽ ጠርሙስ፣ ለሳምንት የሚበቃኝን ብቻ ነው። ጓዳ ውስጥ፣ ፀሐይ የማትደርስበት ግድግዳ ሥር፣ በቆርቆሮ ሣጥን ተቆልፎ መሬት ላይ ይቀመጣል። የሣጥኑን ጽሑፍ የነገሩኝ እትዬ ብርቄ ናቸው። «ሞት ምናምን እያልክ አትሣል። ‹ይህ ውሃ አይደለም› ብለህ ጻፍ፤ ማንበብ ለማይችል ደግሞ ቆልፍ» አሉኝ። ሁለት ቀን ደብረ ብርሃን የሰማሁትን በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት። ጓንቱን ጓዳ ብቻ አደርገዋለሁ። የውሃ ጠርሙሱም ጆንያውን ለብሶ ወደ ሚስማሩ ተመለሰ፤ የቀድሞውን ጆንያ እትዬ ብርቄ አቃጥለውታል። ቦግ ብሎ ሲነድ ሁለታችንም ወደ ኋላ አልን።

ለአዲስ አበባው ሰው በየቀኑ እየደወልኩ፣ የሐጂ መነጽር ረመዳን ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው ደረሰልኝ። ሐጂ እንደዚያ ቀን በቀትር መጡ። ሲገቡ እጃቸውን ወደ ሚስማሩ አልሰደዱም። ይሄ ልቤን ነካው። ተቀመጡና መነጽሩን አደረግሁላቸው። መስተዋቱን አዩ፤ ፊታቸውን ሳይሆን ከበላዩ ያለውን የምስክር ወረቀት ነው ያነበቡት፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ቃል በቃል፣ ከነስሜ፣ «አደገኛ ኬሚካሎችን በጥንቃቄ ስለመያዝ» እስከሚለው ድረስ። እትዬ ብርቄ በሩ ላይ ቆመው ሳቃቸውን በነጠላቸው አፈኑ።

ጠርሙሱን ከሚስማሩ አውርጄ በሁለት እጄ ለሐጂ ዘረጋሁላቸው። ጆንያውን አዩት። እኔን አዩኝ።

«አንተ ቅደም» አሉኝ።

ከፍ አድርጌ፣ ራሴን ወደ ኋላ ጥዬ አንቆረቆርኩት። እትዬ ብርቄ ጠጋ ብለው ጉሮሮዬን ተመለከቱ። ስጨርስ ጠርሙሱን ልሰጣቸው ብል ሐጂ እጃቸውን አነሡ። «ትንሽ እንቆይ» አሉ። ቆየን። አልወደቅሁም። ከዚያ ተቀበሉኝና በአዲሱ መነጽራቸው ፊቴን እያዩ መመረቅ ጀመሩ። ደንበኛ ገባ፤ በእጄ ጠብቅ አልኩት። ከጆንያው የሚንጠባጠበው ውሃ ጫማዬን አራሰው። ሚስት ይስጠው አሉ፣ ልጅ አሉ፣ ከብት አሉ። አኼራ እስኪደርሱ ጠብቄ፣ በቦታው «አሚን» አልኩ።